ሳምቡሳው ከየት መጣ? ስለ ምግብ ለልጆች ለምታስተምሩ፣ ከድሬዳዋ

«ወተት ከየት ይመጣል?» ብሎ የድሬዳዋን ልጅ መጠየቅ ልጁን አለማወቅ ነው። እዚህ ፍየል ከሰው ጋር መንገድ እየተጋፋ ካርቶን ሲያላምጥ ይውላል። ዐረፋ ሲቃረብ በግ ያልታሰረበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል፤ ለፋሲካ ዶሮዋ የምትታረደው ልጁ ዓይኑን አፍጦ እያየ ነው። በጠዋት ቀፊራ ገበያ የወረደ ሁሉ የግመል ወተት ይዘው የተደረደሩትን የሶማሌ እናቶች ያውቃል፤ በጭስ የታጠነው የወተት ዕቃ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ስለዚህ በሥጋና በወተት ነገር ልጆቻችን ከመጽሐፉ ይቀድማሉ። የሚደናገሩት በዱቄቱ፣ በዘይቱ፣ በጨዉና በሽንኩርቱ ነው። «ዘይት ከየት ይመጣል?» ስትሏቸው «ከሱቅ» ይላሉ። «ባለሱቁስ ከየት አመጣው?» ስትሉ ደግሞ «ከታይዋን!» ይላሉ፤ እዚሁ ከተማችን ያለውን የታይዋን ገበያ ማለታቸው ነው።

የማስተምረው በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል ነው። ክፍሌ ከሃምሳ በላይ ልጅ አለው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ዴስክ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ሦስት ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ መቀላቀል ለእነሱ ምንም አይደለም። አካባቢ ሳይንስ ላይ የምግብ ርዕስ ሲደርስ አብዛኞቻችን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለን «ከእንስሳት የሚገኙ፣ ከዕፅዋት የሚገኙ» ብለን ጽፈን እናልፋለን። ልጁም ሸምድዶ ይፈተናል፤ አለቀ ደቀቀ። ከዚህ ወጣ ብዬ በተግባር ላስተምር ስል ግን ነገሩ እንዳሰብኩት አልሄደም። ለምን ጀመርኩት ያልኩበት ጊዜ ነበር። አሁን መልክ ይዞ ሲሄድ ሳየው፣ ሌላው መምህር ከዜሮ ተነስቶ በዚያው እሾህ ላይ እንዳይራመድ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የከፋው እሾህ ከመጀመሪያዋ ጥያቄ ውስጥ ነው የተቀበረው። ስለ ምግብ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?» ብሎ ነው፤ ማስተማሪያ ጽሑፎቹም እንደዚያው ይመክራሉ። እኔም ጠየቅኩ። እጅ ወጣ፤ ፉል፣ ዳቦ በሻይ፣ ፈቲራ፣ ሩዝ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ፒዛ» አለ። ሌላው ከእሱ ላለማነስ «ዶሮ በሩዝ» አለ፤ ክፍሉ በውሸት ጨረታ ተያያዘ። ከኋላ ዴስክ ያለው ልጅ ግን ራሱን ክንዱ ላይ ጥሎ የተኛ መሰለ። ስጠጋው አልተኛም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ተራው እስኪያልፍ ነው የሚጠብቀው። ምንም ሳይበላ ነበር የመጣው። ያን ቀን ብቻ እንዳልሆነም በኋላ ሰማሁ።

እባካችሁ ይህን ጥያቄ ጣሉት። «ከቤታችሁ አንድ አንድ የምግብ ዓይነት አምጡ» የሚለውንም፣ «የቤታችሁን ጓዳ ሳሉ» የሚለውንም አብራችሁ ጣሉ። የልጁን ሳህን ሳትነኩ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ሁሉም ሊቀምሰው የሚችለውን አንድ ምግብ ፈልጉ። ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ቀላል ነው፤ ከድስቱ የወጣው ቅንጬም ሆነ ሩዝ የሁሉም ነው፣ ማንም በማንም ላይ አይኮራበትም። ምገባ ከሌለ ከግቢው በር ላይ ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አትክልቱን ላንሳ፤ ብዙ መምህር የሚጀምረው በእሱ ስለሆነ። ባንዲራው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ መደብ ሠርተን ሰላጣና ካሮት ዘራን። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ከቀትር በኋላ ሰዉ ሁሉ ጥላ ፍለጋ የሚሸሸግባት ከተማ ናት። የበቀለው በፀሐይ ጠወለገ፣ ከፀሐይ የተረፈውን ፍየል ጨረሰው፣ ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ከዚያ የተማሩት ነገር ቢኖር አትክልት እንደሚሞት ነው። በደረቅ ወራት፣ በሜዳ ላይ፣ ልጆች ሊያዩት የሚጓጉትን ሰብል አትዝሩ። በምን እንደተካሁት በኋላ እመለስበታለሁ።

በራችን ላይ ከሰል ምድጃ ይዘው የሚቀመጡ፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናት አሉ። ልጁ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል። ሥጋ የለበትም፤ የምስር ሳምቡሳ ነው። ይህ ለእኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሁሉም ነገር ይጎራረሳል፣ ሥጋ ላይ ግን ሁሉም የራሱን ነው የሚበላው። ወተትና እንቁላል ስትሉ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾም ሲገባም ከዚያ በላይ፣ የሚጾሙ ልጆች አሉ። በዘይት የተጠበሰ ምስር ግን የሁሉንም ቤት ደጅ ያልፋል።

ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ አልተቀበሉኝም። ልጆች ከውጭ ገዝተው እንዳይበሉ በሰልፍ ላይ በየጊዜው ይነገራል፤ «አቦ ቲቸር፣ እኛ ከበር እያባረርናቸው አንቺ ወደ ክፍል ታስገቢያቸው?» አሉኝ። ያሉት ትክክል ነበር። መፍትሔ ያደረግነው አዴን ከነጥብሳቸው ሳይሆን ከነሊጣቸው ማስገባት ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ፀጉር መሸፈን፣ ውሃ ማፍላት፣ ሁሉም በልጆቹ ፊት እንዲሆን። እሳቱና የፈላው ዘይት ከአጥሩ ውጭ ይቀራል፤ ልጅ አጠገቡ አይደርስም። በዚህ ተስማማን። አዴ ራሳቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆኑ፤ «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ የተማረ ሰው ፊት ቆሜ ምን ልል ነው?» ብለው እንቢ አሉ። «እጅዎ ይናገር፣ አፍዎን እኔ እሆናለሁ» ብዬ ነው ያመጣኋቸው። ከገቡ በኋላ አፌ አላስፈለገም።

ሊጡን አሽተው ሸፍነው አስቀመጡት። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ሲሉ ሃምሳ ልጅ ፀጥ አለ፤ እኔ በዱላም በፉጨትም አምጥቼው የማላውቀው ፀጥታ። ከዚያ አንዷን ድቡልቡል በመዳመጫ አሳስተው፣ ብረት ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ዳበስ ዳበስ አድርገው ያመጧትን ስስ ቂጣ ወደ መስኮቱ አነሱና ብርሃኑን በውስጧ አሳዩን። ቂጣዋን ቆራርጠው፣ አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣት ጠቅልለው ቀፎ ሠሩና ምስሩን በማንኪያ ሞሉት። ምስሩ ግማሽ ብስል ነው፤ ከፈረሰ ሳምቡሳው ያለቅሳል አሉ። አፉን በቀጠነ ሊጥ ለጥፈው ሲዘጉት «እዚህ ጋ ቀዳዳ ከተዋችሁ ዘይቱ ሌባ ነው፣ ይገባል» አሉ። ልጆቹ ተራ በተራ ሞከሩ። የአብዛኞቹ ሦስት ማዕዘን አራት አምስት ማዕዘን ነበረው። ሒሳብ ላይ ማዕዘን ስንማር እስካሁን የአዴ ሳምቡሳ ነው የሚጠቀሰው።

ጥያቄው የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ዱቄት፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ጨው ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ፤ እያንዳንዱ ቡድን አንዱን ወስዶ ወደ ኋላ እንዲከተለው ተደረገ። ለሁሉም መልሱን መናገር ትችላላችሁ፤ አትናገሩ። ለእያንዳንዱ በእጅ የሚሠራ ነገር አለ።

ዱቄቱን የያዙትን ስንዴ አስመጥቼ ጥሬውን አኘክናቸው። ቶሎ ሳይውጡ ካኘኩት ስንዴ ወደ ማስቲካ ይለወጣል፤ ሊጡ የሚሳሳበትና የማይበጠስበት ምክንያት ያ ነው፤ ይህን አፋቸው ውስጥ አግኝተውታል። ስንዴው ከአርሲና ከባሌ እንደሚመጣ፣ ባሌ የት እንደሆነ ካርታ ላይ ፈለጉ። ምስር የያዙት ጥጥ ላይ ሊያበቅሉ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ክክ ምስር አይበቅልም፤ ድፍኑን ግዙ። ቆንጆ ምስር የሚመጣበት ጊምቢቹ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ያለ ደጋ ነው፤ ልጆቹ የገረማቸው ምስር ብርድ መውደዱ ነው።

የዘይቱ ቡድን በጣም ተቸግሮ ነበር፤ ፓልም ዘይት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ፣ ሙቀትና ዝናብ ከማይለየው አገር በመርከብ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል ብትሉት ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ተረት ነው። የባቢሌ ለውዝ አመጣሁና በሙቀጫ ወቅጠው በነጭ ወረቀት ላይ ጨመቁት። ወረቀቱ ላይ የቀረውን ብሩህ ነጠብጣብ ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩ ዘይት ከፍሬ እንደሚወጣ ገባቸው። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ግን አስቀድማችሁ ወላጅ ጠይቁ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወደ ባቡሩ ሄድን። የድሬ ልጅ ባቡር ሲባል ደረቱ ይነፋል። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት፦ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ፣ «አዲስ ሐረር» ተብላ ተቆረቆረች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመርም የሚመጣው ከዚያው ከጅቡቲ፣ በደወሌ በኩል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ምግብ በደጃችን ማለፉ ለእኛ የኖረ ነገር ነው፤ ሩዝና ፓስታ ከተማችን ላይ እንዲህ የለመደውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጨዉ ከሁሉ ቀልሎ ከሁሉ አማረ። ጨዋችን በብዛት የሚመጣው አፋር ውስጥ ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ውሃውን ወደ ገንዳ ስበው ፀሐይ ትጠጣውና ጨዉ ይቀራል። እኛም ጨዋማ ውሃ ትሪ ላይ አፍስሰን ጣራ ላይ አወጣን። ሰላጣችንን የገደለችው ፀሐይ ጨው ሠራችልን፤ ትሪውን ሲያወርዱ ጠርዙ ላይ አራት ማዕዘን ደቃቅ ጠጠሮች ተደርድረው ነበር፣ በአጉሊ መነፅር ደግሞ ከዚያም ያምራል። አዮዲን ለምን እንደሚጨመርበት ለማስረዳት እንቅርት ማለት ብቻ በቃ፤ አያቱ ጋ ያላየ አልነበረም።

ለሽንኩርቱ ቀፊራ ወረድን። ምክሬ፦ በቡድን ከፋፍላችሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ወላጅ አስከትላችሁ ሂዱ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ብቻችሁን ወርዳችሁ ሻጮቹን አስፈቅዱ። ሰው ሥራ ላይ ነው። ልጁ ሲከባት ደንበኛ የሚያልፋት ነጋዴ ብትቆጣ አይፈረድባትም። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ነገር ይግዛ። የእኛዎቹ «ይህ ሽንኩርት ስንት ሰዓት ተነሳ?» ብለው ጠየቁ፤ ከኮምቦልቻ የመጣች ነጋዴ ሳቀችና «እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እሱ ከእኔ ቀድሞ» አለቻቸው። የወሎውን ሳይሆን የሐረርጌውን ኮምቦልቻ ማለቷ ነው። ማታ ተነቅሎ፣ ታስሮ፣ ሌሊት አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ የደንገጎን ተራራ መንገድ ወርዶ ነው። ልጆቹ ሌሊት የሚነሳ ሰው እንዳለ አላሰቡም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ሲያዩ ስለ እንቅልፍ ነው የሚያወሩት።

ትልቁ ጉዞ ሐረማያ ነበር። ከድሬዳዋ ብዙም አይርቅም፣ ግን ወደ 2,000 ሜትር ነው የሚያወጣችሁ፤ አየሩም ሰብሉም ሌላ ነው። ሦስት ነገር ልንገራችሁ። ደንገጎ ጠመዝማዛ ነውና ፌስታል በብዛት ያዙ፣ ልጆቹንም ከመሳፈራቸው በፊት አታጥግቡ። ሹራብ አምጡ ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ የድሬ ልጅ ሹራብ የለውም፣ ከመምህራንና ከጎረቤት ለቃቅማችሁ ጫኑ። ሦስተኛው፣ ገበሬው ማሳ ላይ ሳትደርሱ ልጆቹ ማሳውን ረግጠው ሰብል እንዳይጨፈልቁ ደጋግማችሁ ንገሩ፤ የሰው እንጀራ ነው።

ሐይቁን ለማየት ቆምን። እኔ ትንሽ ሆኜ ያየሁት ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ለአትክልትና ለጫት መስኖ እየተሳበ፣ ለሐረር ከተማ እየተጠጣ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል እየገባበት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ልጆቹን «ሽንኩርቱ ውሃውን ከየት አመጣ?» ብዬ ስጠይቃቸው አንዷ ሐይቁን ጠቆመች። ከዚህ በላይ ልገልጸው አልሞከርኩም።

የጫቱ ጥያቄ እንደማይቀርላችሁ እወቁት። ማሳው ላይ በማሽላው መካከል ተደርድሮ ያዩታል። «ቲቸር፣ ጫት ምግብ ነው?» ተባልኩ። ክፍላችን ውስጥ በጫት ንግድ የሚተዳደር ቤት ብዙ ነው፤ እዚያ ላይ ስብከት ብጀምር ግማሹን ልጅ በአባቱ ማሳፈሬ ነው። ምግብ አይደለም፣ ገበሬው ግን ከማሽላ የተሻለ ብር ስለሚያገኝበት ይተክለዋል፣ በዚያም ብር ምግብ ይገዛል አልኩ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ትክክለኛ መልስ አለኝ ብላችሁ አትጨነቁ፤ አትዋሹ ብቻ።

አሁን ሁሉን ነገር ወደለወጠብኝ ቀን ልምጣ። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ከዋሂል በኩል፣ ከገጠሩ የመጣች ልጅ ነበረችኝ። አማርኛዋ ገና ስለነበር አትናገርም፤ ዝም ብላ ትጽፋለች። ስለ ዱቄት ስንነጋገር ልጆቹ ሁሉ ስንዴ ስንዴ ሲሉ በኦሮምኛ ቀስ ብላ ለጎረቤቷ አንድ ነገር አለቻት። «ምን አለች?» ስል ጎረቤቷ «የእኛ ዱቄት ከማሽላ ነው፣ እኔ ከወፍ ጠብቄዋለሁ አለች» አለችኝ። በኦሮምኛ እንድትናገር፣ ጎረቤቷ እንድትተረጉም ነገርኳት። መጀመሪያ አፍራ፣ በኋላ ቆማ ተናገረች። ማሽላው በበልግ ዝናብ ተዘርቶ የሚታጨደው ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ነው። ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና ይወርድበታል፤ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ማታ በጩኸትና በወንጭፍ ያባርራሉ፣ ወፉ ማረፊያ ሲያጣ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል፣ ጎረቤትም መልሶ ይሰደዋል። አያቷ እህሉን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍሰው፣ አፉን ዘግተው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይከፍቱታል። ጉድጓዱ ሲከፈት ወዲያው ዘለው እንደማይገቡም ነገረችን፤ ውስጡ ያለው አየር ሰው ይገድላል፣ መጀመሪያ ማናፈስ ያስፈልጋል።

እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ሐረርጌ ተወልጄ አድጌ፣ የማሽላ ጉድጓድ አየር ሰው እንደሚገድል ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው የሰማሁት። በዕረፍት ሰዓት ግቢው በሙሉ ግሪሳና ጠባቂ ሆነ፤ ልጅቷ ደግሞ ወንጭፉ እንዴት እንደሚወረወር ስታሳይ ዋለች (ያለ ድንጋይ፣ በወረቀት ኳስ)። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ከውጭ ከመጥራቴ በፊት ክፍሌን ነው የምጠይቀው፦ ማን ፍየል ጠብቋል? የማን እናት ወተት ትሸጣለች? የማን አባት የጭነት መኪና ረዳት ነው? ጥያቄው ስለሚያውቁት ሥራ እንጂ ስለበሉት አይደለም፤ እጅ የሚያወጡትም ሌላ ጊዜ እጅ የማያወጡት ናቸው።

ሁሉ ወላጅ ደስ አለው ማለት አልችልም። አንድ አባት ደብተሩን ይዘው መጡና «ቲቸር፣ እኔ ከዳገት የወረድኩት ልጄ አፈር እንዳይነካ ነው። ዶክተር ይሆናል ስል ሽንኩርት ታስቆጥሪዋለሽ?» አሉኝ። ልከራከራቸው አልፈለግሁም፤ የደከሙበትን ያውቃሉ። የልጁን ደብተር ነው የገለጥኩላቸው፦ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ያለው ርቀት፣ ከ1 ኪሎ ዱቄት ስንት ሳምቡሳ እንደሚወጣ፣ የተከፋፈለው ሒሳብ፣ ካርታው። ዝም ብለው አገላበጡና ለሐረማያው ጉዞ ፈረሙ። ሐሳባቸው የተቀየረ ግን አይመስለኝም። ወላጅ የሚጠራጠርባችሁ ከሆነ ሒሳቡንና ንባቡን በጉልህ አሳዩ፤ ሱፐርቫይዘሩም የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው።

ሒሳብ ካነሳሁ አይቀር፣ የአዴን ትርፍ ልጆቹ እንዲያሰሉ ከማድረጋችሁ በፊት ራሳቸውን አስፈቅዱ። የከሰሉ፣ የዘይቱ፣ የቀኑ ድካም ሲቀነስ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ያ ደግሞ በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ የሰው ጓዳ ነው። እኛ በምናብ ነጋዴ፣ በምናብ ዋጋ ሠራነው። ቅምሻውን ደግሞ ረመዳን ላይ አታድርጉት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችም እስከ ቀትር እንጾማለን እያሉ ይፎካከራሉ፣ ፊታቸው ላይ ሳምቡሳ ማብሰል ግፍ ነው።

አትክልቱን ወደተውኩበት ልመለስ። አሁን የምንተክለው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ግማሽ አፈር፣ የደረቀ የፍየል ፋንድያ፣ ትንሽ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ። ከረጢቶቹን የደረደርነው በክፍሉ ምሥራቃዊ ግድግዳ ሥር ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛሉ፣ ከቀትር በኋላ ግድግዳው ይጋርዳቸዋል። ኒም ዛፉ ሥር አታስቀምጡ፣ ጥላው ከልኩ በላይ ነው። ቃሪያና ቆስጣ ብቻ፤ ቆስጣው ቶሎ ይደርስና ልጆቹ ተስፋ አይቆርጡም፣ ቃሪያው ለሳምቡሳው ይሆናል። በአንዱ ከረጢት ደግሞ ከዋሂል የመጣች ማሽላ አለች። ውሃው ከእጅ መታጠቢያው ነው፤ ሳሙና ያለበትን ይደፉታል፣ የማለቅለቂያውን በጄሪካን ያጠራቅሙታል። ለፍየሉ የእሾህ አጥር።

ክረምት ሲገባ ልጁ ይበተናል፣ ዝናቡ ግን ያኔ ነው የሚመጣው። ሰኔ ሳያልቅ ከግቢው ጥበቃ ጋር ተነጋገሩ፤ የእኛ ጥበቃ ውሃ ሊያጠጡ፣ በምትኩ የደረሰውን ቃሪያና ቆስጣ ሁሉ ሊወስዱ ተስማምተናል። ማሽላዋን ብቻ እንዳይነኩ ነግረናቸዋል፤ ለመስከረም የሚመጡት አዲሶቹ ሦስተኛ ክፍሎች ግሪሳ የሚጠብቁት ነገር ያስፈልጋቸዋል።